ባሕር ዳርን በሳይክል፦ ከጣና ዳር እስከ ጢስ ዓባይ የቱን መንገድ እንያዝ? ለከሚሴ ልጅስ?

ባሕር ዳር ደርሶ የመጣ ሰው ስልክ ውስጥ ጣና ላይ የተነሳው ፎቶ፣ የዘንባባው መንገድና የተጠበሰው ዓሣ አይጠፋም። ሳይክል ላይ የተነሳ ግን ብዙ አታገኙም። ይሄ ትንሽ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ከተማዋ በእግር ሲሏት ትረዝማለች፣ በመኪና ሲሏት ደግሞ ቶሎ ታልቃለች። ልኳ ሳይክል ነው።

ለምን ባሕር ዳር? መልሱ መሬቱ ላይ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጣና ደቡባዊ ዳርቻ የተዘረጋች ሜዳ ናት። በእኛ በኩል ከኮምቦልቻ ተነስቶ ሐረጎን በሳይክል ወጥቶ ደሴ መግባትን አስቡት፤ ጉልበት ያለው ራሱ ግማሹን እየገፋ ነው የሚሄደው። ባሕር ዳር ላይ ግን ማርሽ የሌለው አሮጌ ሳይክልም ይበቃል። ከተማዋ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1961፣ ፖሊ ቴክኒኩ በ1963 ሲከፈቱ በየቀኑ ከቤት ሥራ፣ ከቤት ትምህርት የሚመላለስ ሰው በዛ። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ሳይክል ቢለመድ አይገርምም። በኋላ ባጃጅ መጣና ብዙውን ተሳፋሪ ወሰደ። ነዳጅ እንዲህ ሲወደድ ግን አንዳንዱ ወደ ፔዳሉ መመለሱ አይቀርም።

አሁን ስለ ሳይክል ለማውራት አንድ ጥሩ ምክንያት አለ፤ አዲሱ የዓባይ ድልድይ። ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም የተመረቀው ይህ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው፤ ከመኪናው መንገድ ሌላ ለእግረኛና ለሳይክል የተለየ ቦታ ተሠርቶለታል። በአሮጌው ጠባብ ድልድይ ላይ ከጭነት መኪና ጋር ትከሻ ለትከሻ መሄድን የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ለመጀመሪያ ቀን ከሐይቁ ዳር ጀምሩ። ጊዮርጊስ አካባቢ ካለው የሐይቅ ዳርቻ ተነስታችሁ፣ ቀስ እያላችሁ በዘንባባዎቹ ጥላ ሥር ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዓባይ መውጫ። ርቀቱ ትንሽ ነው፤ እየቆማችሁ ፎቶ ብታነሱ፣ ቡና ብትጠጡም ከግማሽ ቀን አይበልጥም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ሊያጋጥም ይችላል። ከሩቅ ሲያዩት ሰነፍ ይመስላል፣ አይደለም፤ ለፎቶ ብላችሁ ውሃው አፍ ድረስ አትጠጉ። ሙቀቱ ቢያጓጓም ጣና ውስጥ ዘሎ መግባት አይመከርም፤ ቢልሃርዝያ አለ።

ቀጥሎ ቤዛዊት። ኮረብታው ላይ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት አለ፤ ከዚያ ላይ ከተማውም ወንዙም ከሥራችሁ ይታያል። ከባሕር ዳር የሳይክል መንገዶች ትንፋሽ የሚያስቆርጠው ይሄ ዳገት ነው። አጭር ስለሆነ ግን ወርዳችሁ ብትገፉም ማንም አይስቅባችሁም። ሲወርዱ ፍሬን ያስፈልጋል፤ ፍሬኑን ግን ከመውጣታችሁ በፊት ነው የምትፈትሹት።

ትልቁ ጉዞ ጢስ ዓባይ ነው። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ደርሶ መልስ 60። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ብትነዱ አራት ሰዓት ፔዳል ላይ ናችሁ፤ ፏፏቴው ጋ ለመድረስ ደግሞ ከትንሿ ከተማ በኋላ የእግር መንገድ አለ። በመንገዱ ላይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን፣ ሰው የፖርቹጋል ድልድይ የሚለውን የድንጋይ ድልድይ ትሻገራላችሁ። ለብቻው ጉዞው የሚያዋጣ ነገር ነው።

ግን መቼ ነው የሚኬደው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ኢንተርኔት ላይ የሚያዩት ሰፊ፣ ጭሱ ሰማይ የሚነካ ፏፏቴ የክረምቱ ነው። ከጣና የሚወጣው ውሃ እንደ ድሮው ዝም ብሎ አይፈስም። ከተማው አጠገብ ጨረጨራ ላይ በግድብ ይመጠናል፣ ፏፏቴው ጋ ከመድረሱ በፊት ለጢስ ዓባይ አንደኛና ሁለተኛ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ይጠለፋል፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ደግሞ ለጣና በለስ ማመንጫ ከሐይቁ በሌላ አቅጣጫ በዋሻ ይወሰዳል። ስለዚህ መጋቢት ላይ 30 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ስትደርሱ ገደሉ ላይ የተንጠለጠለ ቀጭን ውሃ ልታዩ ትችላላችሁ። መስከረምና ጥቅምት መጀመሪያ ይሻላል፤ ዝናቡ ቀንሷል፣ ውሃው ገና አልቀነሰም፣ ሜዳው አደይ አበባ ነው። ጭቃው ግን አለ።

ሌላው ዘጌ ነው። ብዙ ሰው በጀልባ ነው የሚሄደው፤ በየብስ ግን ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ መድረስ ይቻላል። ልሳነ ምድሩ በደን ቡና የተሸፈነ ነው። ውስጡ ያለው መንገድ ለእግረኛ የተሠራ ስለሆነ ሳይክሉን እየገፋችሁ ሂዱ፤ እንጨትና ቡና የተሸከመ ሰው ቅድሚያ አለው። ግድግዳው በሥዕል የተሞላውን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሴትም ወንድም ገብቶ ማየት ይችላል፤ ሐይቁ ላይ ካሉት ገዳማት አንዳንዶቹ ግን ለወንድ ብቻ ናቸው። አንድ ሐሳብ፦ በየብስ ሄዳችሁ በጀልባ ተመለሱ። ሳይክል ይጭን እንደሆነ ግን ባለጀልባውን ቀድማችሁ ጠይቁ። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስና ማዕበል ስለሚነሳ አትዘግዩ። ያው ነፋስ ሳይክል ላይም ፊት ለፊት ሲመጣ ሜዳውን ዳገት ያደርገዋል፤ ጠዋት በጊዜ መውጣት የሚመከረው ለሙቀቱ ብቻ አይደለም።

ሳይክል ስትከራዩ ዋጋውን በሰዓት ነው በቀን የሚለውን ከመውጣታችሁ በፊት ተስማሙ። ሁለቱንም ፍሬን ያዙ፣ ጎማውን በአውራ ጣት ተጫኑ፣ ሰንሰለቱን አዙሩ፣ ኮርቻውን በልካችሁ አስተካክሉ። ጎማ ከተማ ውስጥ ቢቀደድ ጎሚስታ አይጠፋም፤ ጢስ ዓባይ መንገድ ላይ ቢቀደድ ግን መለጠፊያና መንፊያ ያልያዘ ሰው ሳይክሉን ተሸክሞ ነው የሚመለሰው። ሲመሽ መብራት የሌለው ሳይክል ለሹፌር አይታይም።

ስለ ጸጥታ ለከሚሴ ልጅ መንገር ለቀባሪው አረዱት ነው። ከከተማ የሚያስወጡት ሁለቱ መንገዶች፣ ጢስ ዓባይም ዘጌም፣ ዛሬ ክፍት ነው ሲባል ነገ ላይሆን ይችላል። የሳምንት ወሬ ይዛችሁ አትውጡ፣ የዚያኑ ጠዋት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፤ ጥርጣሬ ካለ ከተማው ውስጥ ያለው መንገድ ይበቃችኋል።

ባሕር ዳር ሩቅ ነው ለምትሉ፣ ለእኛ የሚቀርበው ሐይቅ ራሱ ሐይቅ ነው፤ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ታሪካዊው የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት። ሳይክሉን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭናችሁ፣ ሐረጎንና የደሴን ዳገት በመኪና አልፋችሁ፣ ሐይቅ ከተማ ላይ አውርዱት። ከዚያ እስከ ውሃው ሩቅ አይደለም።

ከሚሴ ሐይቅ የላትም፤ ሜዳ ግን አላት። የቦርከና ሸለቆና የጨፋ ረግረግ ለሳይክል ከባሕር ዳር የሚያንስ መሬት አይደለም። ወፉ ብዙ ነው፣ በበጋ ደግሞ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ይወርዱበታል። ችግሩ መንገዱ ነው። ከተማችንን መሃል ለመሃል የሚያቋርጠው የአዲስ አበባ–ደሴ አውራ ጎዳና ነው፤ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ በሳይክል ሲወጣ ጎኑ ላይ ተሳቢ አለ። ባሕር ዳር ድልድዩ ላይ ያገኘችው ያ የተለየ መስመር ለእኛ መዝናኛ ሳይሆን የደኅንነት ጉዳይ ነው። የትራንስፖርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 ያወጣው ሞተር አልባ የትራንስፖርት ስትራቴጂ ደግሞ ለአዲስ አበባ ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ የክልል ከተሞችንም ይጨምራል። ስለዚህ የከተማችን አስፋልት ሲሰፋ ወይም ሲታደስ «የሳይክሉ መስመር የታለ?» ብሎ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም።

እስከዚያው ከአስፋልቱ ወጥታችሁ፣ በጠዋቱ ቅዝቃዜ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ በእርሻዎቹ መሃል ያሉትን የጥርጊያ መንገዶች ሞክሩ። ከብት ሲመጣ ውረዱና አሳልፉ። ከተሳቢ ርቆ የሚነዳበት ጥሩ መንገድ የምታውቁ ካላችሁ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ጻፉልን፤ ሰብስበን በካርታ እናወጣዋለን።