ሐኪሙ የማን ልጅ ነው?

በ1940ዎቹ አጋማሽ ወባ ጎንደር ውስጥ ደንቢያ ላይ ሕዝብ ፈጀ። በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች ጥቂት፣ አብዛኞቹም የውጭ ዜጎች ነበሩ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በዚያ እልቂት ማግስት፣ በ1947 ዓ.ም፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት እገዛ ተከፈተ።

ኮሌጁ ያኔ ሐኪም አያስመርቅም ነበር። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድ ቡድን አሰልፎ እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ያሠለጥናል። መኮንኑ በሽተኛ ያያል፤ ነርሷ እናቶችን ቤታቸው ድረስ ሄዳ ትጠይቃለች፤ ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያስከልላል፣ ሽንት ቤት ያስቆፍራል። የሚማሩበት ቦታ ነገ የሚመደቡበትን ይመስል ነበር። በእኔ እምነት የጤና ትምህርታችን ከዚያ የተሻለ ሐሳብ እስከ ዛሬ አላፈለቀም። በ1970ዎቹ የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ተማሪውን ማኅበረሰቡ ውስጥ ማስገባትን ዋና መለያው አድርጎ ነው የተነሣው።

ከዚያ የቁጥሩ ዘመን መጣ። ቅበላው ሰፋ፤ በ2004 ዓ.ም በሌላ ሳይንስ ዲግሪ ያላቸውን ሐኪም የሚያደርግ አዲስ ፕሮግራም በ13 ተቋማት ተጀመረ። የሐኪም እጥረቱ እውነት ስለነበር ውሳኔውን ለመንቀፍ አልቸኩልም። ነገር ግን አልጋውና አስተማሪው በተማሪው ልክ አልጨመሩም። ጠዋት ራውንድ ላይ አንዱን በሽተኛ የሚከብበው ነጭ ጋውን በዛ፤ ከኋላ የቆመው የሲኒየሩን ድምፅ ይሰማል እንጂ የታማሚው ሆድ አይደርሰውም። ጉበት ደግሞ በጆሮ አይዳሰስም።

የችግሩ ሥር ባለቤትነቱ ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚተዳደረው በዩኒቨርሲቲው ነው፤ በሽተኛ የሚልኩለት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ግን በአብዛኛው የጤና ቢሮ ናቸው። አንዱ ተማሪ ይቆጥራል፣ ሌላው ታካሚ። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በሚሌኒየሙ የሕክምና ኮሌጅ ሲከፍት በጤና ሚኒስቴር ሥር መሆኑ ይህን ክፍተት አጥብቦለታል።

ክፍተቱ ውስጥ የወደቀው የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪው፣ ኢንተርኑ ነው። በ2011 ዓ.ም ኢንተርኖችና ሐኪሞች በየሆስፒታሉ ግቢ ተሰልፈው ሲጮኹ፣ ከክፍያው ጥያቄ ጀርባ ሌላም ነበር። ተማሪ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ዲዩቲ የሚያድረው ለምን ሲኒየር ሳይኖር ነው? ሠራተኛ ከሆነስ የሚከፈለው ለምን የኪስ ገንዘብ ይባላል? ጓንት ሲያልቅበት የሚጮኸውስ ለዲኑ ነው ለሜዲካል ዳይሬክተሩ?