የቤተ ልሔም እርሻና የጅማ ቡና ጓሮ

የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል ኅዳር 15 ቀን የሚጀመረው የነቢያት ጾም ሲፈጸም በመላው አገራችን በታላቅ ድምቀት ይከበራል። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በየቡ፣ በሊሙ ገነትና በሰቃ ጨቆርሳ፣ ይህ የጾም ወራት የቡና ለቀማም ወራት ነው። ምእመኑ ጾሙን ይዞ ሲለቅም ይውላል፤ ቀዩ እሸት ቡና ከዛፉ ወርዶ በአልጋ ላይ ሲደርቅና ጎተራው ሲሞላ የልደት በዓል ይደርሳል።

በዚህ በዓል ስለ ግርግሙ፣ ስለ እረኞቹና ስለ ሰብአ ሰገል ብዙ ይነገራል። ጌታ ስለተወለደባት ከተማ እርሻዎች ግን እምብዛም አይነሣም። ቤተ ልሔም በትርጓሜዋ የእንጀራ ቤት ማለት ናት። በየአጥቢያችንም ለቅዱስ ቁርባን የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት በዚሁ ስም ይጠራል። እኛም ዛሬ በዓሉን ምክንያት በማድረግ የጥንቷን የቤተ ልሔም እርሻ ከጅማ ገበሬ የቡና ጓሮ ጋር አነጻጽረን ለመመልከት ወደድን።

ከእርሻው ጠርዝ የተገኘ የትውልድ ሐረግ

በመጽሐፈ ሩት እንደተጻፈው ኑኃሚን የተባለች የቤተ ልሔም ሴት በረሀብ ምክንያት ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ወደ ሞዓብ ተሰደደች። በዚያም ባሏና ልጆቿ ሞቱባት። ወደ አገሯ ስትመለስ ሞዓባዊት ምራቷ ሩት አልለይም ብላ ተከተለቻት፤ የገቡትም የገብስ አጨዳ በተጀመረበት ሰሞን ነበር። ድሀ፣ መበለትና ባዕድ የሆነችው ሩት ቃርሚያ ልትቃርም ወጥታ ቦዔዝ ከሚባል ሰው እርሻ ደረሰች። ቦዔዝም ሠራተኞቹ እንዳያስቸግሯት አዘዘ፤ ከውኃቸው እንድትጠጣ ፈቀደ፤ በምሳ ሰዓት ከአጫጆቹ አጠገብ አስቀምጦ አበላት፤ ከነዶውም ሆን ብለው እየመዘዙ እንዲተዉላት ነገራቸው። ሩት ኢዮቤድን፣ ኢዮቤድ እሴይን፣ እሴይም ዳዊትን ወለደ። ወንጌላዊው ማቴዎስ የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ሲቆጥር የዚህችን ባዕድ ሴት ስም ሳይዘልል ጽፎታል። እንግዲህ የልደት ታሪክ አንዱ ሥሩ ለእንግዳ በተከፈተ የቤተሰብ እርሻ ውስጥ ይገኛል ማለት ነው።

ቦዔዝ ያደረገው ከልቡ ቸርነት ብቻ የመነጨ አልነበረም፤ ሕግም ነበረው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 እና በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 እንደተደነገገው ባለ እርሻ የማሳውን ጠርዝ አሟጥጦ አያጭድም፤ የወደቀውን አይለቅምም፤ የተረሳውን ነዶ ተመልሶ አይወስድም። ይህ ሁሉ ለድሀው፣ ለመበለቲቱ፣ ለወላጅ አልባውና ለመጻተኛው የተተወ ድርሻ ነው። ቃርሚያ ከምጽዋት የሚለየውም በዚህ ነው። ምጽዋት ከሰጪው እጅ ይጠበቃል፤ ቃራሚ ግን ጎንበስ ብሎ በራሱ ድካም ይሰበስባልና አንገቱን አይደፋም።

በጅማ ጓሮ የሚተወው

በአገራችን ከሚመረተው ቡና ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው የአነስተኛ ገበሬዎች የእጅ ሥራ ነው። የጅማን ገበሬ ጓሮ የተመለከተ ሰው በአንድ ጠባብ መሬት ላይ ብዙ ፎቅ ያለው ቤት የተሠራ ይመስለዋል። ከላይ ዋንዛ፣ ሰሳና ብርብራ ጥላቸውን ዘርግተዋል፤ በቅርንጫፎቻቸው መካከል የንብ ቀፎ ይሰቀላል። ከነዚህ በታች ቡናው ይቆማል። ከቡናው ሥር ኮረሪማና ዝንጅብል፣ ከቤቱ ጀርባ እንሰት፣ ጎደሬና ሙዝ፣ ከደጁ ፈንጠር ብሎ በቆሎ ይገኛል። አንዱ ሰብል ቢከዳ ሌላው ይተካል፤ የቡና ዋጋ በወደቀ ዓመት እንሰቱ ቤተሰቡን ይመግባል።

የጥላ ዛፉ ስፍራ ይዟል፤ ተቆርጦ ቢሸጥ ገንዘብ ይሆናል፤ በምትኩ ተጨማሪ ቡና ቢተከልም ለጥቂት ዓመታት ምርት ይጨምራል። አስተዋይ ገበሬ ግን ይተወዋል። ሰሳና ብርብራ ከአየር ናይትሮጅን ወስደው አፈሩን ያዳብራሉ፤ የሚረግፈው ቅጠል መሬቱን አልብሶ ርጥበቱን ይይዛል፤ ጥላው ቡናውን ከብርቱ ፀሐይና ከውርጭ ይከልላል። በመሆኑም የጥላ ዛፍ ገበሬው ለመሬቱ የተወው ጠርዝ ነው ቢባል ያስኬዳል።

አለመመንጠር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አገራችን በቡና በሽታ ጊዜ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ አድርቅ በሽታ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ፍሬውን ገና ከዛፉ ሳይወርድ እያጠቆረ ማድረቅ ጀመረ። በጅማ አጠገብ መልኮ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች መድኃኒቱን ለማግኘት ወደ ደቡብ ምዕራብ ጫካዎችና ወደ ገበሬዎች ማሳ ወጡ። በሽታው ጎረቤቶቻቸውን ሲያደርቅ ደህና ሆነው የቆሙትን የቡና ዛፎች እየመረጡ ዘራቸውን ወሰዱ። ዛሬ በብዙ ገበሬ ጓሮ የሚገኙት 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች ከኢሉባቦር የተገኙ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የተመረጡበትን እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታሉ። ያ ጫካ ቀደም ብሎ ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱም አብሮ በጠፋ ነበር።

በጌራና በሸቤ በኩል የሚገኘው የበለጠ ጌራ ደንም በዚህ ረገድ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት ድጋፍ በደኑ ዙሪያ የሚኖሩ ገበሬዎች ዋቡብ በሚባሉ የደን አስተዳደር ማኅበራት ተደራጅተዋል። ደኑን ይጠብቃሉ፤ ከሥሩ የሚበቅለውን ቡናና ማር ደግሞ ይጠቀማሉ። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ ከ2020 ማብቂያ በኋላ ደን ተመንጥሮ በተመረተበት መሬት የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ደንግጓል። የሕጉ ተፈጻሚነት ቢራዘምም አባቶች በጥበብ የተዉት ዛፍ ነገ በገበያም ምስክር ሊጠራ መሆኑን ያሳያል።

መተው የሚከብድበት ጊዜ

ይህን ስንል ግን የድሀውን ገበሬ ችግር ዘንግተን አይደለም። ለባለ ጸጋ ጠርዝ መተው ቀላል ነው፤ አንድ ሄክታር ለማይሞላ መሬት ባለቤት ግን ጠርዙ ራሱ ኑሮው ነው። ያረጀ ቡና ለምሳሌ ከግንዱ ዝቅ ተደርጎ ካልተጎነደለ ምርቱ እየመነመነ ይሄዳል። የተጎነደለው ቡና ግን ዳግም እስኪያፈራ ሁለትና ሦስት ዓመት ይፈጃል። በእነዚህ ዓመታት ልጅ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ግብር ይከፈላል፤ ለቅሶና ሠርግ ይመጣል። በዚህ ምክንያት ብዙዎች ያረጀ ቡናቸውን ይዘው ይኖራሉ፤ ሌሎች ደግሞ ቡናውን ነቅለው በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ገንዘብ የሚያስገኘውን ጫት ወይም ባሕር ዛፍ ይተክላሉ። ባለሙያዎች የሚመክሩት መፍትሔ ማሳውን ከፋፍሎ በየዓመቱ አንዱን ክፍል ብቻ መጎንደል ነው፤ ቤተሰቡ ባዶ እጁን ሳይቀር ማሳው ይታደሳል።

ብቻውን የቆመ ገበሬ የማይችለውን በማኅበር የቆመ ይችለዋል። የጅማ ቡና ለብዙ ዘመን ከነገለፈቱ በፀሐይ እየደረቀ በዝቅተኛ ዋጋ ሲሸጥ ኖሯል። በአጋሮ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ካቋቋሙ በኋላ ግን ስሙ ተለወጠ። ዱሮሚና የተባለው የአጋሮ ማኅበር ቡና እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም አቀፍ ዳኞች ተቀምሶ ከአፍሪካ ቡናዎች ሁሉ የላቀ ተብሎ ተመርጧል። ምስጢሩ ቀይ እሸት ብቻ መልቀሙና በጥንቃቄ ማጠቡ ነበር። አንድ ኪሎ ግራም የታጠበ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ግራም ያህል እሸት እንደሚያስፈልግ ስናስብ ድካሙን እንረዳለን።

የማጠቢያ ጣቢያ ሌላ ኃላፊነትም ያመጣል። ገለፈቱና አተላው ወደ ወንዝ ከተለቀቀ ውኃውን ያበላሸዋል፤ ከታች የሚቀዳው ጎረቤትም ይጎዳል። የጅማ ምድር ውኃ በአንድ በኩል ወደ ግቤና ኦሞ፣ በሌላ በኩል ወደ ዴዴሳና ዓባይ ይወርዳልና የዚህ አካባቢ ጎረቤት ብዙ ነው። አተላውን በጉድጓድ አቁሮ፣ ገለፈቱን አብስሎ ወደ ማሳ መመለስ ሳይታዩ ለሚኖሩ ጎረቤቶች የሚተው ድርሻ ነው።

ረከቦቱ የሰበሰበው

በለቀማ ወቅት የገበሬው ቤት ይሰፋል። ጎረቤት በደቦ፣ በአፋን ኦሮሞም ዳዶ በሚባለው የመረዳጃ ሥርዓት ይመጣል፤ ከዳውሮ፣ ከከምባታና ከሌሎችም አካባቢዎች ለቃሚዎች ይመጣሉ። የዘመናችን ሩት ይህች ከሩቅ የመጣች ለቃሚ ናት። ሚዛኑ በትክክል ይመዘንላታል ወይ? ማደሪያዋ ከዝናብና ከክፉ ሰው የተጠበቀ ነው ወይ? ምሳ ሲቀርብ ከቤተሰቡ ጋር ትቀመጣለች ወይስ ከዛፍ ሥር ብቻዋን ትበላለች? የቦዔዝ እርሻ የተመሰገነው በገብሱ ብዛት አልነበረምና እነዚህ ጥያቄዎች ለባለ ማሳው ሁሉ የቀረቡ ናቸው።

በጅማ ገበታ ላይ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በሥጋ በኩል እያንዳንዱ የየራሱን ሥርዓት ይጠብቃል፤ በሠርግና በለቅሶም ለጎረቤት ለብቻው ማረድና ማዘጋጀት የቆየ ልማድ ነው። በቡናው፣ በቆሎውና በንፍሮው ግን ልዩነት የለም፤ አቦሉም፣ ቶናውም፣ በረካውም የጋራ ነው። ይህ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ቡና የሙስሊሞች መጠጥ ነው ተብሎ በቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ዘንድ ለረጅም ዘመን ሲወገዝ መኖሩን የታሪክ ጸሐፍት መዝግበዋል። አመለካከቱ የተለወጠው በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ ለዚህም የአቡነ ማቴዎስ አስተዋፅኦ ይጠቀሳል። አንድ ጊዜ መለያ የነበረው መጠጥ ዛሬ ማገናኛ ሆኗል።

የተገናኘው ግን ካልተጠበቀ ይበጠሳል። በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በዚሁ በጅማ ዞን በሃይማኖት ስም በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ አብያተ ክርስቲያናትም ተቃጥለዋል። ይህን የምናነሣው ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም፤ ጉርብትና እንደ ቡናው ሁሉ በየዓመቱ ኩትኳቶና እንክብካቤ የሚሻ መሆኑን ለማስታወስ ነው። ለቡና የሚጠራራ ሰፈር የክፉ ወሬን ምንነት ከጎረቤቱ አፍ ይጠይቃል፤ መጠራራት ያቆመ ሰፈር ግን ወሬውን ከሩቅ ሰምቶ ያምናል።

እንግዲህ አነስተኛ እርሻ ለልጅ ልጅ የሚተላለፈው ባለቤቱ በሰበሰበው ብቻ ሳይሆን በተወውም ጭምር ነው። ለአፈሩ ዛፍ፣ ለወንዙ ንጽሕና፣ ለቃራሚው ፍሬ፣ ለእንግዳው መቀመጫ የተወ ገበሬ ነገ የሚፈልገውን ሁሉ በዚያው አስቀምጧል። በቤተ ልሔም ማደሪያ ያጣውን ጌታ ልደት የምናከብር ሁሉ፣ ገበሬውም በጓሮው፣ ከተሜውም በደጁ፣ ዛሬ በበዓሉ ቀን ለማን ስፍራ እንደተውን ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባል። ቡናው ሲፈላ የጎረቤትን በር ማንኳኳት ጥሩ ጅምር ነው።

እንኳን ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ!