የጻፈው ሰው ስም ከጽሑፉ ጋር ይኑር



በዚህ የአንባብያን ዓምድ ስለ መንገድ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ኑሮ ውድነት ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማመለክተው ጉዳይ ከነዚህ ሁሉ ያነሰ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ቀን በመሥሪያ ቤት ውለን ማታ ደብተር ይዘን ወደ ኮሌጅ የምንሄደውን የመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ የሚነካ ስለ ሆነ ጥቂት ቦታ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እለምናለሁ። ጉዳዩም የመመረቂያ ጽሑፍ ስናዘጋጅ ሐሳቡንና ቁጥሩን ከማን እንዳገኘነው ስለ መግለጽ፣ ማለትም ምንጭ ስለ መጥቀስ ነው።

ሰው የሌላውን ጥፋት ከመናገሩ በፊት የራሱን ቢናገር ይሻላልና ከራሴ ልጀምር። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ክፍል ብዙ ዓመት ያገለገልሁ ሰው ነኝ። ልጆቼ ከፍ ከፍ ካሉልኝ በኋላ የማታ ትምህርት ገብቼ ለመመረቅ በቃሁ። የመመረቂያ ጽሑፌም ርእስ የመዝገብ አያያዝ ነበር። ጽሑፉን ጨርሼ ለአማካሪዬ ለመምህሩ አስረከብሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመልሱልኝ አራት ገጽ ሙሉ በቀይ እስክርቢቶ ተከቦ፣ ከዳሩ አንዲት ጥያቄ ብቻ ተጽፋበት አገኘሁ፤ «ይህን ማን ቆጠረው?» የምትል።

እነዚያ አራት ገጾች አንድ ጉዳይ ከገባበት ቀን አንሥቶ ውሳኔ አግኝቶ እስኪወጣ ድረስ በስንት እጅ እንደሚያልፍና በየጠረጴዛው ስንት ቀን እንደሚተኛ በሠንጠረዥ የሚያሳዩ ነበሩ። የቆጠርሁት እኔ አልነበርሁም። በጡረታ የተሰናበቱ አንድ ባልደረባችን ከሥራ ሰዓት ውጭ እያመሹ፣ መዝገቡን አንድ በአንድ እየገለጡ ያዘጋጁት ጥናት ነበር። ጥናቱን በመደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ አገኘሁት፤ በሽፋኑም ላይ የመሥሪያ ቤቱ ስም እንጂ የእርሳቸው ስም አልነበረበትም። «የመሥሪያ ቤቱ ከሆነ የእኔም ነው» ብዬ እንዳለ ገለበጥሁት። የማን ድካም እንደ ሆነ ግን አሳምሬ አውቅ ነበር።

አማካሪዬ ሲጠይቁኝ እውነቱን ተናገርሁ። በዕድሜ ከእኔ የሚያንሱ ናቸው፤ አልተቆጡም። «ሄደው ባለቤቱን ይጠይቁ፤ ከዚያ ስማቸውን አስገብተው ያምጡልኝ» ብቻ አሉኝ። ቅዳሜ ዕለት ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዤ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድሁና «ጋሼ፣ አንድ ጥፋት አጥፍቼ መጣሁ» ብዬ ነገሩን ሁሉ ዘረዘርሁላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ገጾቹን ካገላበጡ በኋላ «አገለባበጡስ ደኅና ነው። ዳሩ ግን በሦስተኛው ረድፍ ያለው ድምር ስሕተት ነው፤ እኔም ያየሁት ጥናቱን ካስረከብሁ በኋላ ነው። ቀድመህ ብትጠይቀኝ ኖሮ እነግርህ ነበር» አሉኝ። ካፈርሁት ይልቅ የደነገጥሁት ይበልጥ ነበር።

በዚያች ቀን ምንጭ መጥቀስ ሁለት ጥቅም እንዳለው ተረዳሁ። አንደኛው ለደከመው ሰው የድካሙን ዋጋ መስጠት ነው። ሁለተኛው አንባቢው የተጠራጠረ እንደ ሆነ ራሱ ሄዶ የሚያጣራበትን መንገድ ማሳየት ነው። ባለቤት የሌለው ቁጥር ስሕተት ቢኖርበት እንኳ የሚያርመው ሰው አይገኝም፤ ስሕተቱ ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው እየተገለበጠ ሲሄድ ይኖራል።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው» ይላሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። እኛ የጽሕፈት ቤት ሰዎች በየቀኑ ምንጭ ስንጠቅስ እንውላለን። «በቁጥር ይህን ያህል፣ በዚህ ቀን በተጻፈ ደብዳቤ እንደ ተገለጸልን» ሳይል የሚወጣ ደብዳቤ የትኛው ነው? ቁጥርና ቀን የሌለው ደብዳቤ ቢደርሰን «ከየት የመጣ ነው?» ብለን እንመልሰዋለን። ታዲያ ለደብዳቤ የምንጠይቀውን ለጥናት ጽሑፍ ስለ ምን እንነፍገዋለን?

የጥንት አባቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን አንድ ቃል ለማስረጃ ሲያመጡ «እንዲል» ብለው የተናገረውን ነቢይ ወይም ሐዋርያ ይጠራሉ። ፍትሐ ነገሥትንም የገለጠ ሰው ይህንኑ ያያል። መጽሐፉን በ13ኛው ምዕተ ዓመት በግብፅ አገር በዓረብኛ ያሰናዳው ኢብን አል ዓሳል የተጠቀመባቸውን ምንጮች፣ የሐዋርያትን ቀኖና፣ የኒቅያን ጉባኤ፣ የቅዱስ ባስልዮስን፣ የነገሥታቱንም ሕግ ሳይቀር በመግቢያው ከዘረዘረ በኋላ ለየምንጩ አጭር ምልክት አውጥቶለታል። በውስጥም ሕጉ ከየት እንደ ተወሰደ በዚያ ምልክት ይታወቃል። ዛሬ ኮሌጅ የሚጠይቀን ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም።

በፈረንጅ አገርም ቢሆን ሥርዓቱ ቀስ በቀስ የመጣ ነው። የጸሐፊውን ስምና ዓመተ ምሕረቱን በቅንፍ አድርጎ በጽሑፉ መካከል ማግባትን እንደ ኤሮጳ አቆጣጠር በ1881 የሃርቫርድ የእንስሳት ሊቅ ኤድዋርድ ሎረንስ ማርክ እንደ ጀመረው ይነገራል። የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር በ1929 ያወጣው መመሪያ ሰባት ገጽ ብቻ ነበር፤ በ2019 የታተመው ሰባተኛው እትም ግን ከ400 ገጽ በላይ ነው። ኤ ፒ ኤ እየተባለ በብዙ ኮሌጆቻችን የሚሠራበት ይህ ነው። ሌሎች ደግሞ ቺካጎ የተባለውን ተከትለው ምንጩን በግርጌ ማስታወሻ ያስቀምጣሉ።

የገጹ ብዛት ጀማሪውን ማስፈራት የለበትም፤ ዋናው ነገር ጥቂት ነው። የጸሐፊው ስም፣ የታተመበት ዓመት፣ የጽሑፉ ርእስና አሳታሚው በመጨረሻው የዋቢ ዝርዝር ይጻፋል፤ በጽሑፉ መካከል ስሙና ዓመቱ ይጠቀሳል። ቃል በቃል የተወሰደ ከሆነ ገጹ ይጨመራል። በኤ ፒ ኤ ሥርዓት ጥቅሱ ከ40 ቃል ያነሰ እንደ ሆነ በትእምርተ ጥቅስ ይታጠራል፤ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ለብቻው ገባ ብሎ ያለ ትእምርተ ጥቅስ ይጻፋል። ኅዳጉም በአራቱም በኩል 2.54 ሳንቲ ሜትር፣ የመስመሩ ርቀት እጥፍ ነው። ኮሌጁ የራሱ መመሪያ ካለው ግን የሚቀድመው የኮሌጁ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ማስታወስ የሚገባን ቃሉን ለውጦ መጻፍ ከመጥቀስ ግዴታ ነፃ እንደማያወጣ ነው፤ ልብሱን ብንለውጥለትም ሐሳቡ የሰው ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሁለት ልዩ ችግር አለ። የመጀመሪያው የስም ነገር ነው። የፈረንጅ ሥርዓት የቤተ ሰብን ስም ያስቀድማል፤ በእኛ ዘንድ ግን ሁለተኛው ስም የአባት ነው። ያንን ሥርዓት እንዳለ የተከተለ ተማሪ ሀዲስ ዓለማየሁን «ዓለማየሁ፣ ሀ.» ብሎ ይጽፋል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ግን ልጅየው ናቸው እንጂ አባትየው አይደሉም። አለቃ ለማ ኃይሉ ያወጉትን ትዝታ መጽሐፍ አድርገው ያሳተሙት ልጃቸው መንግሥቱ ለማ ናቸው። በፈረንጁ ሥርዓት ልጁ «ለማ» በሚለው፣ አባትየው ደግሞ «ኃይሉ» በሚለው ስም ይገባሉ፤ አለቃ ለማን ሊፈልግ የመጣ አንባቢ ልጃቸውን አግኝቶ ይመለሳል ማለት ነው። በጀርመን አገር የታተመው ባለ አምስት ቅጹ ኢንሳይክሎፔዲያ ኤትዮፒካ የኢትዮጵያውያንን ስም ሳይገለብጥ እንዳለ ይጽፋል፤ የአሜሪካው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም በመጀመሪያ ስማችን ይመዘግበናል። ባዕዳኑ የጠበቁልንን እኛ በገዛ አገራችን ኮሌጅ ስለ ምን እናፈርሰዋለን?

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ በአማርኛ ቁጥር 410/1996 ይባላል፤ በእንግሊዝኛው 410/2004 ተብሎ ተጽፏል። አዋጁ አንድ ሲሆን አቆጣጠሩን ያልገለጸ ተማሪ ሁለት አዋጅ ያስመስለዋል። ስለዚህ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብሎ መለየት ግድ ነው። ይኸው አዋጅ ከታተመ ሥራ ጥቅስ መውሰድን ሲፈቅድ ምንጩና የደራሲው ስም እንዲገለጽ ያዛል፤ ነገሩ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ መሆኑን ልብ ይሏል።

በዚህ ላይ ዘመኑ ያመጣው ሌላ ፈተና ተጨምሯል። በየስልክ እንጨቱ «የመመረቂያ ጽሑፍ እንሠራለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ እናያለን። ገንዘብ የሌለው ደግሞ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚባለውን መሣሪያ «ዋቢ አምጣልኝ» ይለዋል፤ መሣሪያውም አንዳንድ ጊዜ ከቶ ያልተጻፈ መጽሐፍ ከነደራሲውና ከነገጹ ፈጥሮ ያቀርባል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ሁለት ጠበቆች በዚህ መንገድ ያገኙትን፣ ያልነበረ የፍርድ ቤት ውሳኔ ለዳኛ ጠቅሰው በመገኘታቸው ከቢሮአቸው ጋር 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። በዓይኑ ያላየውን መጽሐፍ የጠቀሰ ሰው በቦታው ያልነበረ ምስክር እንደ መቁጠር ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። ኮሌጆች የኢትዮጵያውያንን ስምና የዘመን አቆጣጠራችንን እንዴት እንደምንጽፍ የሚገልጽ አጭር መመሪያ በአማርኛ አዘጋጅተው ትምህርቱ ሲጀመር ይስጡን፤ ጽሑፉ ካለቀ በኋላ በቀይ እስክርቢቶ ከምንማረው ያን ጊዜ ብንማረው ይቀላል። መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ሠራተኛ ባዘጋጀው ጥናት ሽፋን ላይ ከመሥሪያ ቤቱ ስም በታች የአዘጋጁን ስም ይጻፉ፤ ይህ በጀት አይጠይቅም። እኛ የማታ ተማሪዎችም አንድ ነገር ከመጽሐፍ ስንቀዳ በዚያው ሰዓት ስሙን፣ ዓመቱንና ገጹን በማስታወሻ እንያዝ፤ በመጨረሻ የሚፈለግ ዋቢ እንደ ጠፋ መዝገብ ነው፤ ብዙ ያደክማል።

እኔ የሦስተኛውን ረድፍ ድምር አርሜ፣ የሽማግሌውን ስም ከነአባታቸው በሠንጠረዡ ሥር ጽፌ ጽሑፌን አስረክቤአለሁ። አንዱን ቅጂ ወስጄ ስሰጣቸው ስማቸውን ከማየታቸው በፊት ድምሩን ዳግመኛ በጣታቸው እየተከተሉ ደመሩት። «አሁን ልክ ነው» አሉኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤

አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ