ከኬሞ በፊት የምትጠየቅ አንዲት ጥያቄ

ሰሞኑን ፌርፋክስ ጎዳና ቡና ስንጠጣ አንድ ወጣት ወገናችን ኬሞ ሊጀምር መሆኑን ነገረኝ። “ስለ መውለድህ ሐኪሙን ጠየቅኸው?” አልኩት። “አፈርኩ” አለኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አገር ቤት ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ኬሞ የሚያጠቃው ቶሎ የሚራባ ሴልን ነው። ቆለጥ ውስጥ ዘር የሚያመርቱት ሴሎችም እንደዚያው ናቸው። በተለይ ሳይክሎፎስፋሚድና ሲስፕላቲን፣ እንደ መጠናቸው፣ ለጊዜው ወይም ለዘለቄታው ሊያመክኑ ይችላሉ። ቴስቶስትሮን አመንጪዎቹ ሴሎች ግን የተሻለ ይቋቋማሉ፤ ስለዚህ መምከንና ስንፈተ ወሲብ አንድ አይደሉም።

መፍትሔው ሕክምናውን መሸሽ ሳይሆን ከመጀመሪያው መድኃኒት በፊት ዘርን በቅዝቃዜ ማስቀመጥ ነው። የካሊፎርኒያ የ2019 ሕግ (ኤስ ቢ 600) ብዙ የግል ኢንሹራንሶች ወጪውን እንዲሸፍኑ ያዛል፤ ሜዲ-ካልን ግን አይጨምርም።

ወገኖቼ! ስለ ነፃነት አደባባይ የምንጮህ ሰዎች ሐኪም ፊት ለምን እናፍራለን?