ስክሪኑ 1.50 ሲል ምን ማለቱ ነው?

ልጆች፣ ዛሬ ስለ መቁጠርና ስለ መለካት እንነጋገራለን። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

የክፍላችሁን ወንበሮች ቆጥራችሁ 18 ከሆኑ፣ በቃ 18 ናቸው። እኔም በሒሳብ ሥራዬ ገንዘብ ስቆጥር አንዲት ሳንቲም እንኳ መጉደል የለባትም። የተለካ ነገር ግን ሁልጊዜ ትንሽ ጥርጣሬ አለበት። ደግነቱ፣ ጥርጣሬውንም ማስላት ይቻላል።

መልቲሜትር የኤሌክትሪክ መለኪያ ነው። ቁልፉን ባትሪ የሚለካበት ቦታ፣ 20 ቮልት ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን ሽቦዎች የአንድ ባትሪ ድንጋይ ጫፍና ጫፍ ብታስነኩ ስክሪኑ 1.50 ቮልት አለ እንበል። ልክ 1.50 ነው ማለት ነው? የመሣሪያውን መመሪያ ግለጡና እዩ። ለምሳሌ እንዲህ የሚል ይኖራል፦ ±(0.5% + 2 አሃዝ)። ± ማለት “ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል” ማለት ነው። እስቲ እናስላው።

1ኛ. የ1.50 0.5% = 0.0075 ቮልት።

2ኛ. “2 አሃዝ” 2 ቮልት ወይም 2% አይደለም! በስክሪኑ ላይ የመጨረሻዋ አሃዝ በ2 ልትዛነፍ ትችላለች ማለት ነው። እዚህ የመጨረሻዋ አሃዝ የምትቆጥረው በ0.01 ስለሆነ፣ 0.02 ቮልት።

3ኛ. ድምሩ 0.0275፣ ማለትም ወደ 0.03 ቮልት ነው።

ስለዚህ እውነተኛው ቁጥር ከ1.47 እስከ 1.53 ባለው መካከል ነው።

አሁን ቁልፉን 200 ላይ አዙሩት። ስክሪኑ 1.5 ብቻ ይላል። የመጨረሻዋ አሃዝ 0.1 ስለሆነች ጥርጣሬው ወደ 0.2 ያድጋል። ባትሪው 1.3ም 1.7ም ሊሆን ይችላል! አዲስ ይሁን ያገለገለ መለየት አቃተን። ባትሪውም መሣሪያውም ያው ናቸው፤ የተለወጠው የቁልፉ ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ከምትለኩት ነገር ከሚበልጡት ቁጥሮች ሁሉ ትንሹን ምረጡ።

ይህ ምን ይጠቅማል? አንዳችሁ በቤታችሁ መልቲሜትር 1.50፣ ጓደኛችሁ በራሱ መልቲሜትር 1.52 አገኘ እንበል። “የእኔ ባትሪ ይበልጣል!” ቢላችሁ አትጣሉ። የእናንተ ከ1.47 እስከ 1.53፣ የእሱ ከ1.49 እስከ 1.55 ነው። ስለሚደራረቡ ማን እንደሚበልጥ ከዚህ ብቻ መናገር አይቻልም። “አይታወቅም” ማለትም ትክክለኛ መልስ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱን በቁጥር ማሳየት ከቻላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ስትለኩ ትልቅ ሰው አብሯችሁ ይሁን። የግድግዳ ሶኬት በፍጹም እንዳትነኩ!

የቤት ሥራ፦ በዚሁ መሣሪያ፣ ቁልፉ 20 ላይ ሆኖ፣ አንድ ባትሪ 9.00 ቮልት አለ። ጥርጣሬው ስንት ነው?

መልስ፦ 0.045 + 0.02 = 0.065 ቮልት።

የሳምንቱ ቃላት፦ ልኬት፣ አሃዝ፣ ጥርጣሬ፣ መዛነፍ። በእያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ሠርታችሁ ኑ።