ገላጋይ የሌለው ጠብ

በአዲስ አበባ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ዘንድ ሁለት ጎረምሶች መሰዳደብ ቢጀምሩ፣ ነገሩ ቡጢ ላይ ሳይደርስ ከወዛደሩም ከታክሲ ረዳቱም ከባለሱቁም ወገን አንዱ መካከላቸው ገብቶ «ተዉ እንጂ፣ ነውር ነው» ማለቱ አይቀርም።

እነዚሁ ልጆች ማታ በየቤታቸው ሆነው በቴሌግራም ግሩፕ የሚቀጥሉት ጠብ ግን ገላጋይ የለውም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፣ ብዙዎቹ ትምህርቱን በዚሁ በቴሌግራም ይልኩ ስለ ነበረ፣ ስልክ ተከልክሎ የኖረ ብዙ ልጅ በወላጁ ፈቃድ፣ እንዲያውም በወላጁ ትእዛዝ፣ ስልክ ጨበጠ፤ ወረርሽኙ ሲያልፍም ስልኩ ከእጁ አልወጣም። ዛሬ የአንዲት ተማሪ ፎቶ ተቈራርጦ ይለጠፋል፤ ስሙን የሸሸገ ሰው በፌክ አካውንት ጸያፍ ቃል ይጽፍባታል፤ የክፍል ጓደኞቿም ሙድ ይይዙባታል። ወላጅ ይህን ሲሰማ ወይ «የልጆች ጨዋታ ነው» ብሎ ያልፈዋል፣ ወይም ስልኩን ይቀማታል፤ ተበዳይቱ ቅጣቱ በራሷ ላይ እንደሚወርድ ካወቀች ዳግመኛ አፏን አትከፍትምና፣ ሁለተኛው ከፊተኛው የከፋ ይመስለኛል።

ነገሩ ምን ያህል ይከብዳል ለሚለው ጥያቄ፣ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተማሪዎች መካከል የሚደርሰውን ጥቃት በስዊድንና በኖርዌይ ሲመረምር የኖረው የሥነ ልቡና ሊቅ ዳን ኦልቬየስ ሦስት መለኪያ ትቶልናል፤ እነርሱም የመጉዳት ሐሳብ መኖሩ፣ ድርጊቱ መደጋገሙ፣ ተበዳዩም ራሱን ለመከላከል አቅም ማጣቱ ናቸው። በስልክ ግን ሰዳቢው አንድ ጊዜ ጽፎ ሊተኛ ይችላል፤ በደሉን የሚደጋግሙት ስክሪንሾቱን እየተቀባበሉ የሚያስተላልፉት፣ ራሳቸውንም ከንጹሓን የሚቈጥሩት ተመልካቾች ናቸው። እኔ ብጠየቅ የጥፋቱን እኩሌታ ለእነርሱ እሰጣለሁ።

ሕጉስ ምን ይላል? በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቊጥር 958 በአንቀጽ 13 ማስፈራራትን፣ መልእክት በመደጋገም ሰውን ማስጨነቅንና ስም ማጥፋትን ወንጀል አድርጓል፤ ነገር ግን አዋጁን ላነበበ በዐይነ ሕሊናው የሚመጣለት ተከሳሽ ጎልማሳ ነው። ልጅ ያጠፋ እንደ ሆነ ወደ 1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ መመለስ ግድ ነው፤ በዚያም ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ፈጽሞ አይጠየቅም፣ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውም በወህኒ ፈንታ ተግሣጽን፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤት ተወስኖ መቈየትን በመሳሰሉ ልዩ እርምጃዎች ይታረማል። ርኅራኄና ጥበብ ያለው ድንጋጌ ነው፤ ዳሩ ግን ነገሩ ፍርድ ቤት ካልደረሰ የሚያነሣው የለም።

ልጆቹን ከመድረኩ ማገድስ? አውስትራሊያ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ባዋለችው ሕግ ከ16 ዓመት በታች ያሉትን ከዋና ዋናዎቹ ማኅበራዊ መድረኮች አግዳለች። ያ እገዳ የመልእክት መላላኪያዎችን አይነካም፤ ቢነካም እንኳ ስልኩ የእናት፣ ሲም ካርዱ የአጎት በሆነበት ቤት የልጁን ዕድሜ መርምሮ የሚመልስ በረኛ ማግኘት ይቸግራል። የክፍሉን የቴሌግራም ግሩፕ የከፈተው መምህር ግን ክፉውን መልእክት ለመሰረዝም፣ አጥፊውን ለማስወጣትም ሥልጣን አለው፤ በዚህ ሥልጣን ማታ ማታ እንዲሠራበት ማን እንደሚያዝዘው፣ የድካሙንም ዋጋ ማን እንደሚከፍለው ገና አልተነጋገርንበትም።