ቡናው ይለቀም ወይስ መርፌው ይወጋ?

ስለ ፍቅር፣ ስለ ቅናት፣ ስለ አማትና ምራት ስንጨዋወት ከርመናል። ዛሬ ግን ጨዋታውን ትንሽ ላክብደው ነው። "ሥራና ቤት እንዴት ይጣጣማሉ?" የሚለው ጥያቄ ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም። አለቃ ይቆጣል፣ ሠራተኛዋ ሳትናገር ትወጣለች፣ ልጅ ያለቅሳል... ይሄ የሁላችንም ነው። እስቲ አንድ ነገር ጨምሩበት። ያ ልጅ በየቀኑ መርፌ ካልተወጋ በሕይወት የማይቆይ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ከሥራ የሚቀረው ማነው? ሌሊት የሚነቃውስ?

ይህን ጥያቄ ያነሳችብኝ ኮንጋ ላይ ያገኘኋት አንዲት እናት ናት። ኮንጋን ለማታውቁት፣ በጌዴኦ ዞን ይርጋጨፌ ከተማ አጠገብ ያለች የቡና አገር ናት። ቡናው፣ እንሰቱና ዛፉ በአንድ ጓሮ ተደጋግፈው የሚያድጉበት ይህ የጌዴኦ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የከተማ ልጅ በካፌ ተቀምጦ "ይርጋጨፌ ነው" እያለ የሚያሞግሰው ቡና ግን ሲኒው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ስንት እጅ እንደሚያልፍ ልብ አይለውም። ከእነዚያ እጆች አንዱ የዚህች እናት ነው።

ስሟን አልጠራም። ዕድሜዋ ሠላሳ ገደማ ነው፣ የሦስት ልጆች እናት ናት። በቡና ወቅት ከአካባቢው ማጠቢያ ጣቢያዎች በአንዱ በቀን ሥራ ትውላለች። መካከለኛው ልጇ የስኳር በሽተኛ ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

"ስኳር?" ትሉ ይሆናል። "ስኳር የሀብታም፣ የጠና ሰው በሽታ አይደለም እንዴ?" ሰፈሯም ያላት ይህንኑ ነው። "ቆጮ የበላ ልጅ ስኳር ከየት አመጣ?" ብለው የሳቁባትም ነበሩ።

ጣፋጭ ስለበላ አይደለም

ነገሩ ወዲህ ነው። ከጨጓራችን ጀርባ ቆሽት የሚባል አካል አለ። የምንበላው ምግብ ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ ሲገባ፣ ያንን ስኳር ወደ ሰውነታችን የሚያስገባልንን ኢንሱሊን የሚያመርተው እሱ ነው። በአንዳንድ ልጆች ላይ ግን የሰውነት የራሱ መከላከያ ተሳስቶ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሕዋሳት ያጠፋቸዋል። ሐኪሞች ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ይሉታል። ከረሜላ ስለበዛ የመጣ አይደለም፣ እናት በእርግዝናዋ ባጠፋችው ጥፋትም አይደለም፣ አይተላለፍም። ክኒን አያድነውም። ኢንሱሊን በመርፌ ካልገባ ልጁ አጠገቡ ምግብ እያለ ሰውነቱ ይራባል።

የዚች እናት ልጅ መጀመሪያ ውኃ ይጠማው ጀመር። ቀን ከሌት ይጠጣል፣ ቀን ከሌት ይሸናል። አልጋ ላይ መሽናት ካቆመ ዓመታት አልፈው ነበር፣ እንደገና ጀመረ። ይበላል፣ ግን ይከሳል። አንዱ ወባ አለ፣ አንዱ ታይፎይድ፣ አንዷ ጎረቤት ደግሞ ቡዳ ነው አለች። በመጨረሻ ሲያስመልሰውና ትንፋሹ ሲከብድ ነው በሞተር ጭነው ዲላ ሆስፒታል ያደረሱት። ደረሰ፣ ተረፈ። የማይደርሱ አሉ'ኮ! ስለዚህ አንባቢዎቼ ይቺን ያዙልኝ፤ ጥማት፣ ሽንት መብዛት፣ ክሳት፣ ድካም አንድ ላይ የታየበት ልጅ ሲገጥማችሁ "የደም ስኳሩ ይለካ" በሉ። የአንዲት ጠብታ ደም ጉዳይ ነው።

ከመቶ ዓመት በፊት ቢሆን ይህ ልጅ ተስፋ አልነበረውም። ኢንሱሊን የተገኘው በ1921 እ.ኤ.አ. በካናዳ ቶሮንቶ ነው። በ1922 መጀመሪያ ላይ መርፌውን የቀመሰው የመጀመሪያው ሕመምተኛም የ14 ዓመት ልጅ ነበር። መድኃኒቱን ካገኙት አንዱ የሆነው ፍሬድሪክ ባንቲንግ የተወለደበት ኖቬምበር 14 ዛሬ የዓለም የስኳር ሕመም ቀን ሆኖ ይከበራል። በእኛ ኅዳር 5 ገደማ መሆኑ ነው። ኅዳር ደግሞ ለኮንጋ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የቡና ለቀማው የጦፈበት ወር!

ወቅቱ ሲደርስ

ቡና ቀልድ አያውቅም። የተለቀመው እሸት ቡና ሳያድር መፈልፈል አለበት፣ አለዚያ ይበላሻል። ከዚያ ይብላላል፣ ይታጠባል፣ አልጋ ላይ ይሰጣል። አልጋው ላይ ያለውን ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ እየገለበጡ መጥፎውን ይለቅማሉ። ፀሐይ ሲበረታ ይሸፍኑታል፣ ሲበርድ ይገልጡታል፣ ማታ እንደገና ይሸፍኑታል። ገንዘብ የሚገኘው በእነዚህ ጥቂት ወራት ነው። የዓመቱ ደብተር፣ ልብስ፣ ዕዳ ሁሉ የሚሸፈነው ያኔ ነው።

መርፌውስ ቀልድ ያውቃል? እሱም አያውቅም። ይህ ልጅ ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ ማታ ከእራት በፊት ይወጋል። የሱ ዓይነት ኢንሱሊን ከተወጋ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ መብላት ግድ ነው። እናት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አልጋው ጋ መቆም አለባት። ማታ ቡናው ካልተሸፈነ አትለቀቅም።

"ታዲያ ማን ይወጋዋል?" አልኳት።

"እህቱ ናታ" አለችኝ። "አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። እጇ ከእኔ ይቀላል።"

"ትምህርትስ?"

ዝም አለች። ቆየችና "በወቅቱ ትቀራለች። ምን ላድርግ እህቴ? እኔ ከቀረሁ መርፌ መግዣ የለም፣ ዲላ መሄጃ የለም። እሷ ካልቀረች ልጁን የሚያየው የለም" አለች።

አያችሁልኝ? የአንዱ ልጅ ሕመም የሌላዋን ልጅ ትምህርት በላ ማለት ነው! ስለ በሽታው ስናወራ ሁላችንም የምንረሳት ይቺን ነው፤ ያልታመመችዋን።

አባትየውስ? አለ፣ ደግ ሰው ነው፣ በሞተር እየሠራ ቤቱን ይደጉማል። መርፌ ግን "እፈራለሁ" ብሎ አያውቅም። ሚስቱን ደግሞ "ሥራውን ተይውና ልጁን ያዢ" ይላታል። በዚህ ተጨቃጭቀው ያደሩበት ሌሊት ብዙ ነው። እኔ እዚህ ላይ ወገን ለይቼ እናገራለሁ። ጎበዝ፣ ሞተር በጭቃ መንገድ ላይ የሚነዳ እጅ ጸጉር የምታህል መርፌ ይፈራል ቢሉኝ አላምንም። ያልለመደው ስለሆነ ነው እንጂ! ዘጠኝ ወር ያረገዘችው እሷ ስለሆነች መርፌውም የሷ ነው ያለው ማነው?

ምን ይሻላል?

በዚህ ዓምድ "ቻሉት" ብሎ ምክር የለም። ከእናቶችም፣ ከጤና ባለሙያም የሰማሁትን እነሆ።

አንደኛ፣ በአንድ ቤት ቢያንስ ሁለት አዋቂ መውጋት ይወቅ። አባት፣ አክስት፣ አያት፣ ማንም ይሁን። ክትትል ሲኬድ እናት ብቻ አትሂድ፤ አባትም አብሮ ይሂድና ነርሷ ፊት ይለማመድ። ሆድ፣ ጭን፣ ክንድ እያፈራረቁ መውጋት ነው፣ አንድ ቦታ ብቻ ከተወጋ ያብጣል። መጠኑን ግን ሐኪም እንጂ ጎረቤት አይወስነውም።

ሁለተኛ፣ ስኳሩ ሲወርድ ምን እንደሚደረግ ከልጁ ጋር የሚውል ሁሉ ይወቅ። ልጁ ከላበው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ከነጣ፣ አጉል ከተነጫነጨ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ መስጠት፣ ሻል ሲለው ምግብ ማስከተል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይጨመርም! በጎኑ አስተኝቶ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። አስተማሪው መሳቢያ ውስጥ አንድ ጥቅል ስኳር ቢቀመጥ ምን ይጎዳል? የዚች እናት ልጅ ባለፈው ዓመት ኳስ ሲጫወት ወድቆ "የሚጥል በሽታ ነው" ተብሎ ክብሪት ተጭሮ ጢሱን አሽትተውታል። የሚያስፈልገው ስኳር ነበር።

ሦስተኛ፣ ፍሪጅ የለም ብሎ ተስፋ መቁረጥ የለም። ትንሽ የሸክላ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ ይቀመጥና መሐላቸው እርጥብ አሸዋ ይሞላል። ኢንሱሊኑ ውኃ እንዳይነካው በላስቲክ ተጠቅልሎ ትንሹ ውስጥ ይገባል፣ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ፀሐይና የምድጃ ሙቀት ያበላሹታል፣ በረዶ ከሆነም አያገለግልም።

አራተኛ፣ ልጁ ሌላ ሕመም ሲያመው፣ ምግብ ሲጠላም ኢንሱሊን አይቆምም፤ ለሐኪም ይነገራል። ጸሎት መልካም ነው፣ እኔም እጸልያለሁ። ነገር ግን መርፌውን ይዛችሁ ጸልዩ።

አምስተኛ፣ ገንዘቡን በሚመለከት ሆስፒታል ስትሄዱ ጠይቁ፣ አትፈሩ። ለስኳር ሕመምተኛ ልጆች ኢንሱሊን በነጻ የሚሰጥባቸው ፕሮግራሞች አገራችን ውስጥ አሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ካለም ቀበሌያችሁ ስለሚሸፍነው ነገር ያስረዳችኋል።

አሠሪዎችም ስሙ

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ፣ ቢሮ ለምትውሉት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ያልተለመደና ከባድ ነገር ሲገጥመው እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ይህም በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ሲደመር አሥር ቀን፣ ያውም ያለ ደመወዝ! መርፌው ግን በዓመት ሰባት መቶ ጊዜ ያልፋል። ስለዚህ የታመመ ልጅ ያላት እናት በሕግ ብቻ አትኖርም፣ የምትኖረው በሰው ነው።

ምን ዓይነት ሰው? አልጋው ላይ አብረዋት የሚለቅሙት ሴቶች ዘንድሮ አንድ ነገር ዘየዱ። ማታ ቡናውን የመሸፈኑን ድርሻዋን ለሁለት ተካፈሉላትና እሷ ቀደም ብላ ወጥታ ለእራቱ መርፌ ትደርሳለች። በምትኩ የእረፍት ሰዓቷን ትቆርሳለች። አለቃውም አይቶ እንዳላየ ሆነ። ሥራው አልተጎዳም። ጠዋት ጠዋት ግን እህትየው አሁንም ትወጋለች፣ አሁንም አንዳንድ ቀን ከትምህርት ትቀራለች። የጠዋቱን መርፌ አባትየው ቢይዝ ያቺ ልጅ ነገ ክፍል ትገባለች። የቀረው ይቺው ብቻ ናት። ሳነጋግረው "እስቲ አያለሁ" ብሎኛል። "አያለሁ" መልስ አይደለም ወንድሜ! ልጅህ ሁለት ናቸው።

አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ ወይም ዲላ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ወጣቶችም ነገሩ ከእናንተ የራቀ አይምሰላችሁ። የስኳር ልጅ፣ የአስም ልጅ፣ የልብ ልጅ ያላት የሥራ ባልደረባ አጠገባችሁ ትኖር ይሆናል፣ "ሁልጊዜ ታረፍዳለች" እያላችሁ የምታሟት። ከማማታችሁ በፊት አንድ ጊዜ "ምን ላግዝሽ?" በሏት። ልታገቡ የተዘጋጃችሁ ደግሞ ስለ ቀለበቱና ስለ አዳራሹ ስትነጋገሩ ይቺን ጥያቄ ጣል አድርጓት፤ "ልጃችን ቢታመም ማን ከሥራ ይቀራል?" መልሱ "አንቺ" ብቻ ከሆነ ሠርጉን ትንሽ አቆዩት!

ቸር ያሰንብተን።